ፈቲግ፦ ስለ ድካም የሚናገር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል

(በደብረ ማርቆስ ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ፈቲግ» (fatigue) ይባላል። እንግሊዝኛ የምታስተምሩ በምንባብ ውስጥ ታውቁታላችሁ። ነርሶች ከበሽታ ምልክቶች መካከል ታገኙታላችሁ። የመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ ታጥፎ በሚመጣው ወረቀት ላይም አለ፤ ከራስ ምታትና ከማቅለሽለሽ ጎን ተጽፎ። ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ደግሞ የብረት ጠባይ ስታጠኑ ይመጣባችኋል። አንድ ቃል ነው። ግን ሁላችሁም ጋ ሲደርስ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ቃሉን የመረጥኩት ለፈተና ስለሚመጣ አይደለም። እኛ ጎጃሞች ጉብዝናን እንወዳለን። ጎበዝ አራሽ፣ ጎበዝ አጫጅ፣ ጎበዝ ባለሙያ ሴት እናወድሳለን። «ሰነፍ» ከሚባል ሰው ብዙው ቢታመም ይመርጣል። ይህ መልካም ጎን አለው፤ አገሩን የመገበው ይኸው ጉብዝና ነው። ጉዳቱ ግን የደከመውን ሰው ከሰነፍ ጋር መደባለቃችን ነው። ፈቲግ የሚለው ቃል ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት የሄደበትን መንገድ ስትከተሉ፣ ሌሎችም በዚሁ ስህተት ውስጥ እንዳለፉ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እንዴት እንደተማሩ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ቋንቋውን እናጥራ። የቃሉ አጻጻፍ ያሳስታል። መጨረሻው ላይ የተደረደሩት አናባቢዎች አይነበቡም። የእግር ኳሱን «ሊግ» እና የሥራ ባልደረባ የሚለውን «ኮሊግ» አስቡ፤ አጨራረሳቸው አንድ ነው። ስለዚህ «ፋቲጉ» አይባልም። «ፈቲግ» ነው፣ ጠበቅ የሚደረገውም «ቲ» ላይ ነው። ምንጩ ላቲን ነው፤ ማድከም፣ ማዛል ከሚል ግስ ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። እንግሊዞቹ በ17ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ነው የተቀበሉት።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። «አይ አም ፈቲግ» ይላሉ። ይህ በአማርኛ «እኔ ድካም ነኝ» እንደ ማለት ነው። ፈቲግ ስም ነው። ስለ ራስ ሲነገር «አይ አም ፈቲግድ» ወይም «አይ ፊል ፈቲግድ» ይባላል። ሐኪም ስለ ታካሚው ሲጽፍ ግን ስሙን ይጠቀማል፤ ፈቲግ አለባት፣ ከፈቲግ ጋር መጣች እያለ። ደግሞ ድካም ለማለት ሲፈለግ ይህ ስም አይበዛም። አብዝታችሁ «ፈቲግስ» ካላችሁ ወታደር የሚለብሰውን ልብስ ጠርታችኋል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ታየርድ» ከሚለው ጋር ያለው ልዩነትስ? ታየርድ የቤት ቃል ነው። ልጅም፣ አዋቂም፣ ከገበያ የተመለሰም ይለዋል። ፈቲግ ከበድ ይላል፤ ሐኪም፣ አሠልጣኝ፣ ኢንጂነር፣ ጋዜጠኛ የሚይዘው ቃል ነው። ከቤት ወጥታችሁ ሲመሽ ብትገቡና «ፈቲግድ ነኝ» ብትሉ ስህተት አይሆንም፤ ሰሚው ግን «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ይላል። ታየርድ የሆነ ሰው ተኝቶ ሲነሣ ይሻለዋል ብለን እንጠብቃለን። ፈቲግ ያለበት ሰው ግን ተኝቶም ላይሻለው ይችላል።

ይህን ልዩነት ለማስረዳት ብዙ መልፋት አያስፈልግም። አማርኛችን ራሱ ይዞታል። «ደክሞኛል» የሚል ሰው ስለ ዛሬ እየነገራችሁ ነው። ሲያርስ ውሏል፣ ሲያጭድ ውሏል፣ ከደጀን በእግሩ መጥቷል። ምክንያቱ ይታወቃል። «ይደክመኛል» ሲል ግን ሌላ ነገር እየነገራችሁ ነው። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ልማድ ሆኗል ማለቱ ነው። «ድካም ድካም ይለኛል» ሲልስ? ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ይህችን አነጋገር ያውቃታል። ልክ የሐኪሙ ፈቲግ ናት። የሚያመው ቦታ የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ግን ሰውነቱ እንደ ድሮው አይታዘዝም። እና ወጣት የጤና ባለሙያዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ «ደክሞኛል»ንና «ይደክመኛል»ን ካርድ ላይ አንድ አድርጋችሁ አትጻፉ። ታካሚዋ በአንዲት የግስ ለውጥ ግማሹን መልስ ሰጥታችኋለች።

ሌሎቹንም ለዩ። «ዛልኩ» የጅማት ነው። «ታከተኝ» ውስጥ መሰልቸት አለ። «ሰለቸኝ» ደግሞ ከጉልበት ጋር አይገናኝም፤ እንግሊዝኛው «ታየርድ ኦቭ» የሚለው ነው። በዚህ ቦታ ፈቲግን መተካት አይቻልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ድካም» የሚለው የራሳችን ቃል ነው። በአንድ በኩል ክብር አለው። «የድካምሽን ዋጋ ይክፈልሽ» ብለን እንመርቃለን፤ ድካም ማለት እዚህ ልፋት ነው። «ደካማ እናት አለችኝ» ስንል በርኅራኄ ነው። «ደካማ ተማሪ» ስንል ግን ፈርደንበታል። ከአንድ ሥር ምርቃትም፣ ሐዘኔታም፣ ነቀፋም ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ድካሙን ሲናገር የትኛውን እንደምንሰማ ከእኛ ይወሰናል። ብዙ ሰው ነቀፋው እንዳይደርሰው ፈርቶ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ወታደሩ እንሂድ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ወታደር ከውጊያና ከልምምድ ውጭ የሚሠራው የጉልበት ሥራ «ፈቲግ» ይባል ነበር። ጉድጓድ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ፣ ግቢ ማጽዳት፣ ማእድ ቤት ማገዝ። ለዚህ ሥራ የክት የደንብ ልብስ አይለበስም፤ የሥራ ልብስ ይሰጣል። ያ ልብስ በጊዜ ብዛት «ፈቲግስ» ተባለ። ዛሬ በአሜሪካ እንግሊዝኛ እኛ «ሬንጀር» የምንለውን ዓይነት የወታደር ልብስም ይጠሩበታል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ አንድ መሪ «ፈቲግስ ለብሶ ታየ» የሚል ብታነቡ፣ ደክሞት ታየ ብላችሁ አትተርጉሙ።

ሌላው የወታደር ፈቲግ ግን ልብስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከመድፍ ጩኸት በኋላ የሚንቀጠቀጡ፣ የሚያለቅሱ፣ መናገር ያቃታቸው ወታደሮች ብዙ ነበሩ። «የመድፍ ድንጋጤ» የሚል ስም ተሰጣቸው። የታከሙ ነበሩ። ፈሪ የተባሉም ብዙ ነበሩ። ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ሐኪሞች «የውጊያ ፈቲግ» ማለት ጀመሩ። ቃሉ የተመረጠው በምክንያት ነው። ድካም ማንንም ይይዛል፤ ደፋርንም ይይዛል። ጀግና ሰው ደከመ ቢባል አይዋረድም። ወታደሩ ከግንባር ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲተኛ፣ እንዲበላ፣ እንዲታጠብ ያደርጉት ነበር። ብዙውም ይሻለው ነበር።

ሁሉም አዛዥ ግን አልተቀበለውም። በነሐሴ 1943 በሲሲሊ ደሴት፣ የአሜሪካው ጄኔራል ጆርጅ ፓተን የጦር ሆስፒታል ሊጎበኝ ገባ። ቁስል የሌለበት ወታደር ተቀምጦ አየ። «ምን ሆነህ ነው?» አለው። ወታደሩ ልቋቋመው አልቻልኩም የሚል መልስ ሰጠ። ጄኔራሉ ተቆጣ። መታው፣ ፈሪ ብሎ ሰደበው፣ ከድንኳኑ አስወጣው። ከሳምንት በኋላ በሌላ ሆስፒታል ሌላውን ወታደር እንደዚሁ መታ። የመጀመሪያው ወታደር በኋላ ሲመረመር ከፍተኛ ትኩሳት፣ የቆየ ተቅማጥና የወባ ተሐዋሲ ተገኘበት።

ወባ! ይህን ታሪክ ጎጃም ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ እዚህ ጋ እቆማለሁ። ወደ አባይ በረሃና ወደ ቆላው ወርዶ ለአጨዳ የሠራ፣ ተመልሶም ከአልጋ መነሣት ያቃተውን ልጅ «ሰነፍክ» ያለው ሰው በየቤቱ አለ። ጄኔራሉ ቢያንስ አለቃው አይዘንሃወር ይቅርታ እንዲጠይቅ አዝዞት ይቅርታ ጠየቀ። የእኛ ልጅ ግን ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ዛሬ ያ የውጊያ ድካም ሌላ ስም አለው። ከ1980 ጀምሮ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ውስጥ ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ተብሎ ሰፍሯል።

ወደ ብረቱ ልምጣ። ለእኔ ቃሉ እጅግ የሚያምርበት ቦታ ይህ ነው።

ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የሚመለስ ባቡር ተገለበጠ፣ በእሳትም ተያያዘ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። የዚያን ጊዜ የተሳፋሪ ክፍሎች በር ከውጭ ይቆለፍ ስለነበር ብዙዎች መውጣት አልቻሉም። መነሻው የባቡሩ ጎማዎች የሚዞሩበት የብረት ዘንግ መሰበሩ ነበር። ዘንጉ ወፍራም ነው። የሚሸከመውም ከአቅሙ በታች ነበር። ታዲያ ለምን ተሰበረ? የዘመኑ ሰዎች ግራ ገባቸው። ብረቱ አርጅቶ የውስጥ ባሕርዩ ተለውጧል የሚሉ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ኢንጂነር ዊልያም ራንኪን በተከታዩ ዓመት ስንጥቅ የዘንጉ ቅርጽ በሚለወጥበት ቦታ ላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንደሚገባ አሳየ። በዚያው ዘመን አካባቢ መሐንዲሶች ለዚህ ነገር ስም ሲፈልጉ፣ ለሰው የሚባለውን «ፈቲግ» ለብረት አዋሱት።

ከዚያ አውጉስት ቮለር የሚባል ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ መጣ። ዘንጎችን ማሽን ላይ አስሮ ለዓመታት እያዞረ፣ በስንት ዙር እንደሚሰበሩ ቆጠረ። ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል። ብረት በአንድ ጊዜ ጫና ከሚሰበርበት መጠን ብዙ ባነሰ ጫና፣ ጫናው ከተደጋገመ፣ ይሰበራል። በሌላ በኩል ደግሞ ለብረት አንድ ወሰን አለ። ጫናው ከዚያ ወሰን በታች ከሆነ ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም እንኳ አይሰበርም ማለት ይቻላል።

ይህን ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ቀጭን ሽቦ ውሰዱ። ጎትታችሁ ለመበጠስ ሞክሩ፣ አትችሉም። አሁን አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ ቁጠሩ። ከጥቂት ማጠፍ በኋላ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የመጨረሻው ማጠፍ ከመጀመሪያው የበረታ አልነበረም።

ዋጋው እጅግ የከበደው በአየር ላይ ነው። እንግሊዝ ሠራሹ ኮሜት የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ነበር፤ በ1952 አገልግሎት ጀመረ። በጥር 1954 አንዱ ከሮም ተነሥቶ በኤልባ ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበታተነ፤ 35 ሰው ሞተ። በሚያዝያ ሁለተኛው በኔፕልስ አጠገብ ወደቀ፤ 21 ሰው ሞተ። እንግሊዞች አንዱን ኮሜት ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ እያንዳንዱ በረራ በአካሉ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት በውሃ እየደጋገሙ ሞከሩት። ከበረራውም ከሙከራውም ተደምሮ 3,000 ገደማ ዙር ሲሆን አካሉ ተቀደደ። ቅዳዱ የጀመረው ከመስኮት ማዕዘን አካባቢ ነበር። አውሮፕላኑ ለአንድ በረራ ከበቂ በላይ ጠንካራ ነበር። ለመደጋገሙ ግን አልሆነም። ዛሬ የአውሮፕላን ጥገና ሰዎች የበረራ ሰዓትን ብቻ ሳይሆን የመነሣትና የማረፍን ቁጥር የሚመዘግቡት ለዚህ ነው። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስም እንዲሁ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በ2008 በተከፈተው የአባይ ድልድይ ላይ ስታልፉ አስቡት፤ አንድ ከባድ መኪና መሸከሙ ብቻ አይበቃም፣ ለአሥርተ ዓመታት የሚመላለሰውንም መሸከም አለበት።

ከብረቱ ወደ ሰው ስንመለስ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ብረት ቢያርፍ አይድንም። ሽቦውን ግማሽ ድረስ አጥፋችሁ ለዓመት ብታስቀምጡት ከቆመበት ነው የሚቀጥለው። የሰው ሰውነት ግን ሲያርፍ ራሱን ይጠግናል። ዕረፍት ለሰው የሥራው አካል ነው። አባቶቻችን ይህን በቀን መቁጠሪያ ውስጥ አስገብተውታል። ሰንበት አለ። በወሩ ውስጥ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ አሉ። ሞፈር ቀንበር ይቆማል፣ በሬውም ያርፋል። በዓል በዛ፣ ሥራ ተበደለ የሚል ክርክር አውቃለሁ። እኔ ግን ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ የሚያርስ ገበሬ ካለእነዚያ ቀናት እንዴት ይዘልቅ ነበር እላለሁ።

ግን እውነቱን እንናገር። በበዓሉ ማን ነው የሚያርፈው? ወንዱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ይቀመጣል። ሴቷ ግን ከሌሊቱ ተነሥታ ጋግራለች፣ ወጥ ሠርታለች፣ ጠላውን ቀድታለች፣ ቡናውን አፍልታለች፣ እንግዳ ሸኝታለች። ውሃና እንጨቱም ቢሆን ለነገ አይተርፍም። እንዲያውም በበዓል ቀን ሥራዋ ይበዛል። ስለ ድካም የምንናገር ሰዎች ከሁሉ በፊት ይህን ማየት አለብን። የቮለር ዘንግ ማሽኑ ሲቆም ይቆማል። የእሷን ማሽን የሚያቆመው የለም።

በዚህ ላይ ደም ማነስ ይጨመራል። በእርግዝና፣ በወሊድ፣ በወር አበባ የሚጠፋው ብረት በምግብ ካልተተካ፣ ኦክስጂን የሚያደርሰው የደም ክፍል ያንሳል። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ ያያል፤ ነጣ ብሎ ያገኘዋል። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። ለነፍሰ ጡሮች በጤና ኬላ የሚሰጠው የብረት ኪኒን ለዚህ ነው። ብዙዎች ሆድ ይነካል፣ ሰገራ ያጠቁራል ብለው ይተዉታል። ማጥቆሩ የሚጠበቅ ነው፣ አያስፈራም። ሆዳቸውን የሚነካቸው ደግሞ ከመተው ይልቅ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ቢነግሯት መላ አለው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወዲያው ሲጠጣ ብረቱን እንደሚያስቀንስም ንገሯቸው። ቡና አትጠጡ ብላችሁ ግን አትልፉ፣ ማንም አይሰማችሁም። «ቆየት አድርጉት» በሉ።

ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላል። በባዶ እግር የሚገባ፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል አለ። ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ እሱ ማታ ላብ ያጠምቃል፣ ያከሳል። ስኳር አለ፤ ያስጠማል፣ ሽንት ያመላልሳል። በደጋው እንቅርት እናውቃለን። ያ ዕጢ ሥራውን ሲያቀዘቅዝ ሰውየውም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ይበዛበታል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ድብርት ደግሞ አለ፤ ሐዘኑን ሳይናገር ድካሙን ብቻ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ፈቲግ የሚለው ቃል ምርመራው የሚያልቅበት ቦታ እንዳይሆን፤ መጀመሪያው ነው።

ምርመራ ሁሉ ተደርጎ ምክንያት የማይገኝለት ድካምም አለ። ከስድስት ወር በላይ ይቆያል፣ እንቅልፍ አያሽረውም፣ ትንሽ ሥራ ከተሠራ በኋላ ደግሞ በማግሥቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሰውየውን ይጥለዋል። በ1988 አሜሪካኖች «ክሮኒክ ፈቲግ ሲንድሮም» የሚል ስም ሰጡት። እዚህ ላይ ቃሉ ታማሚዎቹን ጎዳቸው። «ድካምማ ሁላችንም አለብን» ተባሉ። ለወታደሩ ክብር የሰጠው ቃል ለእነዚህ ሰዎች ሕመማቸውን አሳነሰባቸው። ብዙዎቹ ስሙ እንዲቀየር ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ዛሬ ከሌላ የሕክምና ስም ጋር አጣምረው የሚጠሩት ብዙ ናቸው። እነዚህን ሰዎች «ተነሥ፣ ስፖርት ሥራ፣ ይለቅሃል» ማለት ሊያብስባቸው ይችላል። ስለዚህ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ከሥራ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ጠይቁ።

የሾፌሩን ድካም ሳላነሣ ብወርድ ይቆጨኛል። የአባይን በረሃ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ የማያውቅ እዚህ የለም። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ አይሱዙ ጎህ ሲቀድ እዚያ ይደርሳል። ጥናቶች እንዳሳዩት 17 ሰዓት ገደማ ሳይተኛ የቆየ ሰው፣ ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። በብዙ አገር ይህ መጠን መንዳት ያስከለክላል። አልኮሉ ይሸታል፣ ድካሙ ግን አይሸትም። ዓይን ለሦስት ለአራት ሴኮንድ ትከደናለች፣ ሰውየው ራሱ አያውቅም። ቡናውም፣ ጫቱም እንቅልፉን ያዘገዩታል እንጂ አይከፍሉትም። ቡና በአእምሮ ውስጥ «ደከመህ» የሚለውን መልእክት ነው የሚዘጋው፤ ድካሙ ከኋላ እየተጠራቀመ ነው። ብቸኛው መድኃኒት ዳር ይዞ መተኛት ነው። መኪናውን የሚያሠሩ ባለቤቶች ጭነቱ መቼ እንዲደርስ እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ይህን ያስቡ።

ቃሉ አሁን አሁን ወደማይዳሰሱ ነገሮችም ገብቷል። «የርኅራኄ ፈቲግ» የሚሉት አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ ነርሶች ሲጻፍ የተለመደ አነጋገር ነው። የሌላውን ሕመም ቀን ከሌት የሚሸከም ሰው ልቡ ይደነዝዛል። ነርሷ ክፉ ስለሆነች አይደለም ቁጡ የሆነችው፤ የሚያሳርፋት ተረኛ አጥታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በሥራ መሰልቸትንና መንደድን፣ እነሱ «በርን አውት» የሚሉትን፣ ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መድቦታል፤ በሽታ ግን አላለውም። «የለጋሾች ፈቲግ» የሚባልም አለ። ስለ ረሃብና ስለ ስደተኛ ሲጻፍ ይመጣል። ሰጪዎች መስጠት ሰለቻቸው ማለት ነው። ይህን አጠቃቀም አልወደውም። ረሃብን ባየ አገር ውስጥ ተቀምጬ ስሰማው፣ የሰጪው ድካም ተጽፎ የተራበው ድካም የቀረ ይመስለኛል። ተማሪዎች ግን በዜና ስለምታገኙት እወቁት።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንድ መምህር «ተማሪ ድርሰት ሲጽፍ ታየርድን ትቶ ሁሉንም ፈቲግ ቢያደርግ ነጥብ እንጨምርለት?» ብለው ጠየቁ። አይጨመርለትም። ከባድ ቃል ጥሩ ቃል ማለት አይደለም። ልጁ ኳስ ተጫውቶ ደክሞት ከሆነ ታየርድ ይበል። እናቱ ለወራት ከአልጋ መነሣት አቅቷት ከሆነ ያኔ ፈቲግ ቦታው ነው።

ሁለተኛዋ የነርስ ተማሪ ናት። «እናቶች ሲጠየቁ ደህና ነኝ ነው የሚሉት። ድካም አለዎት ወይ ስንላቸው የለም ይላሉ፤ እያየናቸው ግን ተዝለፍልፈዋል። እንዴት እንጠይቅ?» አለች። የቀኑ ጥሩ ጥያቄ ይህ ነበር። ስለ ድካም አትጠይቁ አልኳት። ስለ ሥራ ጠይቁ። «እናቴ፣ አምና በዚህ ጊዜ ይሠሩት የነበረ፣ ዘንድሮ ያቃተዎት ሥራ አለ?» በሉ። ከምንጭ ሲመለሱ እንስራውን ስንት ቦታ እንደሚያወርዱት ጠይቁ፤ ድሮ ስንት ቦታ እንደነበረም። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ ጠይቁ። ጠዋት ሲነሡ እንደተኙ ሰው ነው ወይስ እንዳልተኙ? እንጀራ ሲጋግሩ መሐል ላይ ይቀመጣሉ? የሚመልሱላችሁን ካርዱ ላይ በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። «ፈቲግ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ሥራ ላይ፣ ካረፉ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ከሥሩ ይጨመር። ቀጥሎ ካርዱን የሚያነበው ሐኪም ደሙን ይመርምር፣ አክታውን ይመርምር ወይስ ስለ ቤቱ ሐዘን ይጠይቅ የሚለውን የሚወስነው ከዚያ ነው።